ከታሪክ ጎን የወሰድኩት ስፖርት

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ድንኳን ውስጥ ጌታቸው አጠገቤ ተቀመጠ። ኮሌጅ ሳለን የክፍላችን ተጠሪ ነበር። ንፍሮውን እየዘገነ በወዲያ ጎኑ ለተቀመጠው ሰው፣ «ይቺን ስፖርት ማይነር ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ እንጀራ ያበላት የኔ ምክር ነው» አለው። ለቅሶ ቤት ክርክር ነውር ነው። ወረቀት ላይ ግን ማን ይከለክለኛል?

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ደሴ ለመምህርነት ስሰለጥን ሜጀሬ ታሪክ ነበር። ማይነር ደግሞ በዋናው ትምህርት ቦታ ሲጠፋ የሚመደቡበት መጠባበቂያ ትምህርት ነው። የታሪክ ተማሪ ሁሉ ቅጹ ላይ ጂኦግራፊ ሞላ። እኔ ሩቅ አገር ብመደብ ጉዴ ፈላ፤ ደሴ ያለችው እናቴ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ከኔ በቀር ሰው የላትም።

«ጂኦግራፊ ሙዪና ተገላገዪ!» ያለኝ ጌታቸው ነው። ምክሩ ይቺ ነበረች።

ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ከድጃ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት። በበልግ ጭቃ በኮንጎ ጫማ በእግሯ መጥታ ከሁላችን ቀድማ ትገባለች። «ኮሌጁ ምን ያውቃል? ትምህርት ቤቶቹን እንጠይቅ እንጂ» አለችኝ። ይህን ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

በማግስቱ፣ ከደሴ እየተመላለስኩ ልሠራባት ወደምችለው ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወረድን። ጠመዝማዛውን ስንጨርስ የደሴ ጉም ቀርቶ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራባችንን አወለቅን። ሸንኮራ እየመጠጥን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞርን። ከድጃ ርእሰ መምህሮቹን ያለ ፍርሃት፣ «ጋሼ፣ የጎደለዎት የምን መምህር ነው?» ትላለች። የሦስተኛው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ሽማግሌው፣ ሳቁ። «የታሪክስ ሞልቶኛል፤ ከጠፋም እኔው አስተምራለሁ። ያጣሁት ፊሽካ የሚነፋ ነው» አሉ። ግቢው ውስጥ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የግድግዳ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል።

ሁለታችንም ስፖርት ሞላን። በስፖርት መግቢያ ፈተናው ቀን ሜዳውን በሩጫ መዞር ነበረብን። ጌታቸው ከነጓደኞቹ አጥሩ ላይ ተደርድሮ፣ «ኧረ ከድጃ፣ በቀሚስሽ ሜዳውን ጠረግሽው!» ይላል። እኔ ልመለስ ነበር። እሷ የቀሚሷን ጫፍ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«ወላሂ፣ ይሳቁ! ነይ!»

ጀርባዋን እያየሁ ሮጥኩ።

የምደባ ቀን ኮምቦልቻ የታሪክም የጂኦግራፊም ቦታ አልነበረም። የስፖርት አንድ ብቻ፤ ፈላጊዎቹ እኔና ከድጃ። የምደባው ሠራተኛ ለዕጣ ሁለት ወረቀት ጠቅልሎ ባርኔጣው ውስጥ ጣለ። ከድጃ እጇን ሰደደች፤ ከዚያ መለሰችው።

«እሷን ይጻፏት» አለች። «የኔ እናት ዓይኗ ያያል።»

እሷ መኪና የማይገባበት ቆላ ተላከች። ጌታቸውም ከነጂኦግራፊው ሩቅ ደረሰው፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅም። እኔ በየቀኑ ኮምቦልቻ ወርጄ እየተመለስኩ፣ እናቴን እስክታርፍ ድረስ እራቷን በእጄ አጎረስኳት።

ጌታቸውን ውሸታም ልለው ነበር ብዕር ያነሳሁት። ግን የሃያ አምስት ዓመት አገልግሎት ምስክር ወረቀት ሲሰጠኝ፣ መድረክ ላይ ቆሜ «በራሴ ጥረት እዚህ ደረስኩ» ብያለሁ። ከድጃ ለኔ ብላ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ከሁሉም ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት።