አልጋ ቁጥር አንድ ላይ የቀረው ወንዳወቅ

ወንዳወቅ ዳኘው በፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራ ሰው ነው። ኮሮና በገባበት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ጊዜያዊ ሆስፒታል ሲደረግ፣ የታማሚ መመዝገቢያውን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነበር። ሰውዬው ሥራው ሲያምርለት ልቡ ያብጣል፤ በየጠዋቱ ለቤተሰብ የስልክ መልእክት የሚልክ ነገር ጨመረበትና ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚያ ብቻ አወራ።

ቅዳሜ ዕለት ጨርሶ ሊሞክረው ሲል የማንን ስም ያስገባ? የሰው ስም ከበሽታ ጋር መጻፍ ሟርት መሰለው። የራሱን ጻፈ፤ አልጋ ቁጥር አንድ፣ ውጤት «አለበት»፣ ከሥሩ የሚስቱ የያምሮት ስልክ። ከዚያ ቦርሳውን አንግቦ ሊወጣ ሲል ዘበኛው ከታማሚዎች ዝርዝር ላይ ስሙን አነበበና ከበር መለሰው።

ኃላፊዋ ሲስተር ምሥራቅ ከጭንብሏ ሥር ሳቀች፤ ግን አላስወጣችውም።

«ሙከራ መሆኑንማ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ አለበት ካለ ግን አሥራ አራት ቀን ሳይሞላ አይለቅም። እንዲህ አድርገህ የሠራኸው ራስህ ነህ።»

«እንግዲያው ልሰርዘው።»

«ታማሚ ኮምፒውተር አይነካም።»

ወንዳወቅ ቸኩሏል። እሑድ ቡሬ ላይ የልጁ ክርስትና ነው። ስድስት ዓመት ስለት ተስሎ ያገኛት ልጅ ናት፤ ሴት ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ትነሳለች፣ አባትዋ ተያዘ ተብሎ ቀኑ አይገፋም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

የማንኩሳው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከታማሚዎቹ ክፍል በመስኮት ያዩታል። ከዳኑ ሰንብተዋል፤ የኮምፒውተሩን ስንብት ነው የሚጠብቁት።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉት።

«ገብረ ሕይወት፣ የኔታ።»

«ታዲያ የታመመው ወንዳወቅ ነው። ገብረ ሕይወትን ማን ያዘው?»

«እርስዎስ ለምን እንዲህ አልወጡም?»

«እኔማ ስመዘገብ ቸኩዬ የክርስትናዬን ሰጠሁ፤ ሌላ ስም አልቀረኝም» አሉና መስኮቱን ዘጉ።

ሲስተር ምሥራቅ ወንዳወቅ የነገራትን ከመመሪያው ጋር አስተያየችው። የሚከለክል አንቀጽ አጣች። ገብረ ሕይወት የተባለ የኮምፒውተር ጠጋኝ በመግቢያ መዝገብ ላይ ተጻፈ፣ ወዲያው በመውጫውም ተጻፈ። ያው ዘበኛ ሙቀቱን ለክቶ «በሰላም ይግቡ፣ አቶ ገብረ ሕይወት» ብሎ በሩን ከፈተለት።

እሑድ ጠዋት ልጅቱ ክርስትና ተነሥታ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ፣ የያምሮት ስልክ ጮኸ። አንብባ ደነገጠች፤ ቀና ብላ ልጇን ታቅፎ የቆመውን ባሏን አየችው፤ እንደገና አነበበች። ስልኩን አቀበለችው።

«ወንዳወቅ ዳኘው ዛሬም አልጋ ቁጥር አንድ ላይ ናቸው። ሁኔታቸው የተረጋጋ ነው። እባክዎ ሊጠይቁ አይምጡ።»

ወንዳወቅ ሁለቴ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አየሽው?» አላት። «በሰዓቱ ደረሰ እኮ።»