ከወንዙ የመለስኳት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ዘርዝሬ ይህችን ዘልያለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

በጣልያን ጊዜ ነው፤ ጎጃም ውስጥ፣ ይጁቤ ከተማ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ዳዊት አስደግሞኛል። ጓደኛዬ ዘይነባ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። አባቷ ከአዲስ አበባ ካመጣው ጣቃ መሀል አንድ መጽሐፍ ወጣ፤ የአንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ፣ ከሕፃንነቷ እስክትጎለምስ። ወንዝ ዳር ሾላ ሥር እኔ አነባለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። እኔ እንደ ዳዊቴ፣ እሷ እንደ ቁርኣኗ ስመነው ነበር የምንከፍተው። የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብሎ ማን አስቦ! ልጅቱ ስትስቅ እንስቃለን፤ ጡቷ ሲያጎጠጉጥ በራሳችን እናፍራለን። ከተራራው ተኩስ ሲሰማ እንኳ ዘይነባ “ቀጥይ” ትለኛለች። አቤት፣ እንዴት ያለ ሕልም ነበር!

ከዚያ የዘይነባ አጎት በካሚዮን አዲስ አበባ ወስዶ ስፌት ሊያስተምራት መጣ። አንድ ሸምገል ያለ ነጋዴም ለጋብቻ ጠይቋታል። አባቷ ምረጪ አላት። እየሮጠች መጣችብኝ።

“እቴ፣ የቀረችውን ገጽ አንብቢልኝ። ልጅቱ ወንዙን ተሻግራ አገሯን ትለቃለች ወይስ ተመልሳ ታገባለች? እሷ ያደረገችውን አደርጋለሁ።”

መጽሐፉ ላይ ልጅቱ ተሻገረች። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ተሻገረች። እኔ ግን “ተመለሰች” ብዬ አነበብኩ። “ተመለሰች፤ አገባች፤ ደስ ብሏት ኖረች።” እኔ ነኝ ያነበብኩት። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። ኧረ ምን ነክቶኝ ነው? እንዳትርቀኝ ብዬ ነው። ይሄ ምክንያት ይባላል? ካሚዮኑ ያለ እሷ ሄደ።

ያገባችው ነጋዴ ክፉ ወጣባት። ስንቱን ዘመን በዱላው ኖረች፤ አንድ ቀን እንኳ መጽሐፉን አላማረረችም።

ባለፈው ዒድ ልጠይቃት ሄድኩ። ሁለታችንም አርጅተናል። መጽሐፉን ከሳጥኗ አውጥታ ሳመችውና “እስቲ መጨረሻዋን” አለችኝ። እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፈነች። መነጽሬን አደረግሁ። ዛሬስ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ልጅቱ ጫማዋን ይዛ እዚያው ወንዙ ዳር ቆማለች።

ደግሜ መለስኳት።

“ደግ አደረገች” አለች ዘይነባ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ እኔ ካላነበብኩላት አታውቅም።