ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራው ሰው

ከአዲስ አበባ የወጣሁት የመሥሪያ ቤቴን ትእዛዝ ይዤ ነው፤ ለአብዮት በዓል ዐውደ ርእይ ከላስታ «የሰፊውን ሕዝብ የእጅ ጥበብ» አምጪ ተብያለሁ። በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ከተጣለ ዕቃ ትናንሽ ምስሎች የምትሠራ ሴት እንዳለች ተሰምቷል።

ከሾፌሩ ጋር ደሴ አድረን ወልድያ ላይ ሽሮ በላን፤ ቅቤ የሚባል አልነካውም። ከጋሸና ወዲያ መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው። ድርቁ ቢያልፍም ብዙው የገብስ ማሳ ጦም አድሯል። ላሊበላ ስንገባ መሽቶ ነበር።

በማግስቱ

በበቅሎ የመሩኝ የአጥቢያው ቄስ አባ ወርቁ ናቸው። ምስል ሠሪዋን፣ ደብሬን፣ ከደጃፏ ተቀምጣ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በበግ መሸለቻ መቀስ ስትቆርጥ አገኘናት። በአጠገቧ በሬ፣ በቅሎና ሕፃን ቆመዋል፤ ቁመታቸው ከስንዝር አያልፍም። የበቅሎዋ ጋማ የጆንያ ክር፣ የሕፃኑ ጫማ የበረባሶ ቁራጭ ነው።

«የበሬው ጭራ ረዘመ» አልኳት።

«እርስዎ አገር ዝንብ የለም እንዴ?»

አባ ወርቁ ሳቁ። እኔ የጎደለውን እፈልግ ነበር። ባሏ ለሰፈራ ወደ ወለጋ ተጭኖ ከሄደ ወዲህ ወሬው እንደጠፋ ቄሱ በመንገድ ነግረውኛል። ለዐውደ ርእይ ግን ቤተሰቡ መሟላት አለበት።

«አባወራውንም ሥሪልኝ፤ ነገ እወስደዋለሁ።»

መቀሱን አስቀመጠች። «ማን ላከዎት?»

«መንግሥት።»

ተነሥታ ወደ ቤቷ ገባች። ስንፍና መሰለኝ።

በነጋታው

ዳገቱን ሳንጨርስ ጩኸት ሰማን። ደብሬ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በጎረቤቶቿ መካከል ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ከፊታቸው ድንጋይ ላይ የሽቦ ዱላ የያዘ የቆርቆሮ ሰው ቆሟል።

አባ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። «መርዶ ይዘው ከመጡ ለእኔ አይነግሩኝም ነበር?»

«የምን መርዶ?»

«እሷ የምትሠራው የሞተባትን ነው። በሬዋን፣ በቅሎዋን፣ እርዳታ ጣቢያ የቀረ ልጇን። መንግሥት የላከው ሰው ባልሽን ሥሪ ሲላት ምን ትበል?»

በላስታ ሬሳው ላልተገኘ ሰው ምስል አቁመው እንደሚያለቅሱለት፣ መርዶም በቀጥታ እንደማይነገር አውቃለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍሁት በዚሁ ልማድ ላይ ነው። ስንዝር የማይሞላ ቆርቆሮ ሆኖ ሲመጣ አላወቅሁትም።

ለቅሶው መካከል ገብቼ ስለ ባሏ አንዳች እንዳልሰማሁ ተናገርሁ።

«ታዲያ አለ?» አለች ደብሬ።

«አላውቅም።»

«አልሞተም?»

«አላውቅም፣ ደብሬ።»

«የዘንድሮ መርዶ ነጋሪ ደግሞ ራሷም አልሰማችም» አለች አንዲት ጎረቤት።

ደብሬ ምስሉን አንሥታ እጄ ላይ አኖረችው። «በሕይወት ካለ ቤቴ መቆም የለበትም፤ ሟርት ነው። ሞቶም እንደሆነ ላፈርሰው አልችልም። እርስዎ ይያዙት። እሱ ከመጣ ሰው እልክልዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ያፍርሱት።»

የቀሩትን ምስሎች አልጠየቅኋትም።

አዲስ አበባ

ለመሥሪያ ቤቴ ባዶ እጄን መመለሴን አስታወቅሁ፤ ተወቀስሁ። ከጉዞው ያተረፍሁት ቢኖር ስለ ሰው ሐዘን መጻፍ ሐዘኑን ፊት ለፊት ሲያገኙት ለመለየት እንደማይበቃ ማወቄ ነው። የቆርቆሮው ሰው መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል። ከጎኑ መዶሻ አስቀምጫለሁ።

እስካሁን ከላስታ የመጣ ሰው የለም።