ያልመጣው ጎርፍ

ጎርፍ ከመድረሱ በፊት ይሸታል። ይህን ስል የሚስቅብኝ ሰው ሞልቷል፤ ይሳቅ። የረጠበ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠልና የዛገ ቆርቆሮ የተደባለቀበት፣ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ አልወርድ የሚል ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ከሃያ ሁለት ሰፈር ወደ አያት፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በመኪናዬ መስኮት ክፍተት ሾልኮ ገባና አፍንጫዬን ያዘኝ። እኛ ያለንበት ዝናቡ ገና እያካፋ ነበር። ፊት ለፊታችን መንገዱ ዝቅ ይልና ትንሽ ወንዝ ተሻግሮ እንደገና ዳገቱን ይወጣል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጄ ሶስና አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ «ማሚ፣ ቢጫ የተቀባውን የመንገድ ጠርዝ ውሃው ሸፈነው» አለችኝ። ፍሬን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን የጥሩምባ መዓት ተዉት። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ መንጃ ፈቃዴን ከየት እንደገዛሁት ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ መልስ የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም፤ ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ነኝ። የዚያን ቀን ግን ሞተሩን አጥፍቼ መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ። ጋሽ በየነ ትዝ ብለውኝ ነው።

ጋሽ በየነ መደበኛ አስተማሪያችን አልነበሩም። ባዮሎጂ ያጠኑ፣ የዕድሜያቸውን እኩሌታ በየፓርኩ ወፍና አውሬ ሲከታተሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቦሌ ያለው ትምህርት ቤታችን፣ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ሐሙስ ሐሙስ ከግቢ እያወጡ ተፈጥሮን እንዲያሳዩ ቀጠራቸው። ቲቸር መባል አይወዱም ነበር፤ «ቲቸር ክፍል ውስጥ አለላችሁ፤ እኔ ጋሽ በየነ ነኝ» ይሉናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ያችኑ ኪሷ የበዛ ካኪ ጃኬት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። አንገታቸው ላይ፣ ማንጠልጠያው ተበጥሶ በጫማ ክር የተቀጠለ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አይጠፋም። ኪሳቸውም ሎሚ አያጣም። መኪና የሚያጥወለውለውን ልጅ አጠገባቸው ያስቀምጡና ልጣጩን ያሸትቱታል። እኔ ምንም ሳያመኝ አመመኝ እያልኩ ስንቴ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ!

እኛስ ምን ነበርን? ከግንብ ወደ ግንብ የምንመላለስ የቦሌ ልጆች። ሣር የምናውቀው «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎበት ነው። የትምህርት ቤቱ አሮጌ አውቶቡስ፣ ኮስትሯ፣ ካሴቷን እያንቋረረች መገናኛን፣ ሲኤምሲን አልፋ አያት ስትደርስ አስፋልቱ ያልቅና አቧራው ይጀምራል። ያኔ ኮንዶሚኒየሞቹ ገና አጥንታቸው ብቻ የቆመ ነበር። ከእነሱ ባሻገር ማሳው፣ ከማሳው በኋላ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወይራና አጋም የበቀለበት ጉብታ ነበር። እዚያ ድንጋይ እየገለበጥን ሸርጣን አይተናል። እስስት እጃችን ላይ ስትሄድ ትንፋሻችንን ውጠን ቆመናል። እስስት ጥርስህን ከቆጠረችው ይረግፋል ተብሎ ተነግሮን ስለነበር ሁላችንም አፋችንን ግጥም አድርገን ነበር፤ ጋሽ በየነ ግን አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ተጠጓትና ቁጠሪ አሏት። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ያለውን ቀን እኔ እንዲያው የምገፋው ነበር።

ወንዙ ጋ እንደ ደረስን ከምንም በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው። ውሃው እግሩን የሚያርሰው፣ ራሱን ግን የማይሸፍነው አንድ ነጭ ድንጋይ ይመርጡና ከመካከላችን አንዱን ዘበኛ አድርገው አጠገቡ ያስቀምጣሉ። የዘበኛው ሥራ ድንጋዩን ማየትና ውሃው ሲሸፍነው መናገር ነው፤ ሌላ ምንም። እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ተራራው ላይ የዘነበው ዞሮ ዞሮ ወደዚህ እንደሚመጣ ነግረውናል። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» የምትለዋ አባባል መቼም አትሰለቻቸውም። ዘበኝነቱን ግን ማንም አይወደውም፤ ሌላው ሸርጣን ሲያሳድድ አንተ ድንጋይ ላይ ታፈጣለህ።

ያች ሐሙስ በግንቦት መጨረሻ ላይ ነበረች። ከዚያ ቀደም ኮስትሯን ጭቃ ይዟት አምሽተን ስለነበር፣ ወላጆች የትምህርት ቤቱን በር ሊነቅሉት ምንም አልቀራቸውም። የክፍሎቹ ኃላፊ፣ ዩኒት ሊደራችን ሚስ ራሔል፣ እኛው ፊት ለጋሽ በየነ ነግራቸዋለች፤ ከአሁን በኋላ አንዴ እንኳ የመውጫ ሰዓት ካለፈ የሐሙስ ነገር አበቃ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ የዚያን ቀን ሰዓት ልትቆጣጠር አብራን መጥታለች። ባለ ተረከዝ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው ከወንዙ ወዲህ፣ ኮስትሯ ጋ ቀረች። እኛ በመረማመጃ ድንጋዮቹ ተሻግረን ማዶ ነን። ዘበኛዋ እኔ ነበርኩ።

የመመለሻው ሰዓት ደረሰና ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልጆቹ ለመሻገር ተሰለፉ፤ ናትናኤል የሚባል ቀዥቃዣ ልጅ ተራ ሳይጠብቅ የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ዘልሏል። ከላያችን ሰማዩ ንጹሕ ነው። በስተሰሜን ያለው ተራራ ግን ጠቁሯል። እኔ ድንጋዬን አያለሁ። መጀመሪያ አንዲት ደረቅ ቅጠል መጣች፤ ቀጥሎ ብዙ ቅጠል። ከዚያ ያ ሽታ። ውሃው ወተት እንደ ነካው ሻይ ደፈረሰና የድንጋዩ ራስ ጠፋ።

«ጋሽ በየነ፣ ድንጋዩ ተሸፈነ!»

መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ውሃውን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን አዩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አላሉኝም። ቤታችን ውስጥ እኔ የተናገርኩት ነገር ታላቅ ወንድሜ ካልደገመው አይታመንም ነበር፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ሳያጣራ ሲያምነኝ የመጀመሪያዬ ነው። ተነሥተው በጫማቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ናትናኤልን ከነቦርሳው ብድግ አድርገው ወደኛ መለሱትና፣ «ማንም አይሻገርም። ወደ ወይራው ውጡ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

ጉብታው ላይ ተፋፍገን ተቀመጥን። ሚስ ራሔል ከማዶ ትጮሃለች። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም ትላለች፤ ሰዓቱን ያውቁታል ወይ ትላለች። ኖኪያ ስልኳ ያለ ማቋረጥ ይጠራል፤ ወላጆች ናቸው። ሾፌሩ ይባስ ብሎ ሱሪውን ጠቀለለና ወንዙን ተራምዶ ወደኛ መጣ፤ ተመለሰ፤ መሐል ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ዞረ። ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ በየነ ውጣ ወንድሜ፣ እባክህ ውጣ እያሉ ለመኑት። የሐሙስ ቀን በእጃቸው ላይ እያለቀ መሆኑን ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሎሚ ይልጣሉ፤ ልጣጩ እየተበጣጠሰ ከጣታቸው ይወድቃል። ዓይናቸውን ግን ከወንዙ መታጠፊያ ላይ አልነቀሉም።

ተራራው ላይ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ጊዜው አልሄድ አለ። ፀሐይዋ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ መግባት ጀመረች። አንዷ ልጅ ሽንቴ መጣ ብላ ታለቅሳለች፤ ሌላው እናቴ ትገድለኛለች ይላል። ሁላችንም ጆሯችንን ቀስረን፣ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ይመጣል እያልን እንጠብቃለን። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጎርፉ እንዲመጣ ጸለይኩ። መጥቶ በዓይናቸው እንዲያዩት፣ ሐሙስ እንዲተርፍልን። ወዲያው ሾፌሩ ተመልሶ ውሃው መሐል ገብቶ አየሁት። ተወው፣ ተወው፣ አይምጣ አልኩ።

አልመጣም። ደመናው በተራራው ጀርባ ወርዶ ሌላ አገር ዘንቦ ይሆናል፤ እንጃ። ጋሽ በየነ እጄን ይዘው ወደ ወንዙ ዳር መለሱኝና፣ «ድንጋዩን ጠብቂ፤ ሲታይሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጠጥኩ። ሊመሻሽ ሲል ነጩ ራሱ ብቅ አለ። «ታየ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው እጃችንን እየያዙ አንድ በአንድ ያሻገሩን።

ቦሌ ስንደርስ የመንገዱ መብራት በርቷል። እናቴ አቅፋ ልታፍነኝ ደረሰች፤ ከዚያ ደግሞ ቆነጠጠችኝ። አባቶች ጋሽ በየነን ከበቧቸው። ሾፌሩ ወንዙን እንዴት እንደ ተራመደው እየሠራ ሲያሳያቸው ያ ሁሉ ጭንቀት ወደ ሳቅ ተለወጠ። አንዱ፣ ለመሆኑ ጎርፉ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም አውካካ። እኔ ከእናቴ እጅ አምልጬ፣ ድንጋዩ ተሸፍኖ ነበር፣ ያየሁት እኔ ነኝ ብዬ ጮህኩ። ሚስ ራሔል ወደሳቸው ዞረች።

«በሕፃን ቃል ነው ይሄን ሁሉ ሰው ያስጨነቁት?»

«ልጅቷ ያየችውን ተናግራለች» አሉ ጋሽ በየነ። «ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።» የሚስቁትን ወላጆች አዩ፤ በየቀሚሱና በየሱሪው ሥር የተለጠፍነውን እኛን አዩ። «ሳቁ፣ ግድ የለም። የሚያስቀው ሁሉም ስላሉ ነው።»

በዚያ ጫጫታ መሐል የሰማቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኮስትሯ ግቢ ውስጥ ቆማ ዋለች፤ እኛ ሒሳብ ተጨመረልን። የጋሽ በየነ ስም ጋሽ ጎርፍ ሆኖ ቀረ። ከውሃው አንሥተው ያወጡት ናትናኤል ራሱ እንደዚያ ሲላቸው ብሰማ በምሳ ዕቃዬ አናቱን አልኩት። እናቴ ተጠራች፤ ተቀጣሁ፤ ዛሬም ቢሆን አልቆጨኝም።

ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ ስል አንዴ አግኝቻቸዋለሁ። ኦሎምፒያ ጋ መንገዱን ለመሻገር ቆመዋል። ጃኬቷ ያችው ናት፤ እሳቸው ግን ውስጧ አንሰዋል። ተንደርድሬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ከለከሉኝ፤ ስሜ ጠፍቶባቸው «ዘበኛዋ!» አሉኝ። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ ያን ቀን ዝም ብለው ቢያሻግሩን ኖሮ ብለው ተቆጭተው ያውቃሉ?

«ሐሙስ ሲሆን ይከፋኛል» አሉኝ። «ሌላውን ቀን ደህና ነኝ።»

ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው፣ እንደገና ግራውን አይተው ተሻገሩ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው፤ በጣም አልቅሻለሁ።

እና ባለፈው ሳምንት መሪውን ጨምድጄ እንደ ተቀመጥኩ፣ ያ ሚኒባስ በጎኔ ጠርቦ ወጣና ውሃውን እየረጨ ተሻገረ። ረዳቱ ዞሮ በሹፈት እጁን አወዛወዘልኝ። ከሱ ኋላ ሌላ መኪና አለፈ፤ ከዚያም ሌላ። ምንም አልሆኑም። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ሶስና ወንበሩ ውስጥ ተሸጉጣለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ማሚ፣ ሁሉም እኮ አለፉ። ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትሽም። አንቺ ያየሽውን ነገርሽኝ፤ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ጥሩምባው አላቆመም። ዝናቡ እያባራ ነው፤ የሚወርደው ውሃ ግን ገና ሻይ ይመስላል። ጠርዙን ጠብቂ፣ ሲታይሽ ንገሪኝ አልኳት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ መልሳ ለጠፈች። ብዙ ቆየን። አንዳንዱ እየተሳደበ፣ አንዳንዱ እየሳቀ አለፈን።

«ታየ» አለችኝ።

ሞተሩን አስነሣሁ።