የተክለወልድ ግራሶ

ጋሽ ተክለወልድ ጎማ ደረቁን ሲገባ ማየት አይወድም። ይህን ያስተማረው የአሰቡ አለቃው ነው፤ የከባድ መኪና መካኒክ፣ አፉ የማይቻል ሰው። «ጎማ ግራሶ ሳትቀባ ካስገባህ ትቀደዋለህ፤ ከቀደድከው ደግሞ እኔ አንተን እቀድሃለሁ» ይለው ነበር። ተክለወልድ በሰማንያ ሦስቱ ግርግር ከአሰብ ወጥቶ ጅቡቲ ሲገባ ይዞት የመጣው ይህንኑ እውቀቱንና አንድ ሳጥን መፍቻ ነበር። የመኪና ጋራዡን ሁሉ ዘመድ ያለው ስለያዘው ወደ ባሕሩ ወረደ። ሞተር ያው ሞተር ነው አለና የጀልባ መካኒክ ሆነ። አርሂባ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየ፣ አላገባም፣ እዚያችው አረጀ። ዛሬ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ሞተሩስ ያው ሞተር ነው። ችግሩ ከሞተሩ ኋላ ያለው ነው።

ቤተሰቡ ከሐረር የመጣው ነጋዴው ሙሐዲን ሰዎችን ወደ ሙሻ ደሴት የምታመላልስ ነጭ ጀልባ አለችው። የዚህች ጀልባ ሞተር ውስጥ ይቀመጣል፤ ማርሹና ፕሮፔለሩ ግን ከኋላ ግድግዳዋ ውጭ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለዋል። መካኒኮቹ ያንን ክፍል «እግር» ይሉታል። ከሞተሩ ወደ እግሩ የሚሄደው ዘንግ በግድግዳው ቀዳዳ ያልፋል። በዚያ ቀዳዳ ባሕሩ እንዳይገባ የሚከለክለው አንድ የተሸነሸነ የጎማ ኩፊያ ነው፤ የካፖርት እጅጌ ቢያህል ነው። ከጎማው ወዲያ ባሕር፣ ከጎማው ወዲህ ሰው።

ነገሩ የጀመረው ነጂው ዘይድ ሞተሩ አላምር ሲለው ነው። «ጋሼ፣ ስጠመዝዛት ታጉረመርማለች። ሆዷ ውስጥም ውሃ እያገኘሁ ነው» አለው። ተክለወልድ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ግድግዳው ላይ ተክሎ እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ ደገፈና መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አስዞረ። «ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል» አለ። እግሩን ሲያወርዱት እውነትም ኩፊያው ከሥሩ ተሰንጥቆ፣ ጨው ውሃ ገብቶ ኩሽኔታውን አዝጎታል። ምርመራው ልክ ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድበትም።

አዲሱ ኩፊያ ከዱባይ ሲመጣ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት የማስቲሽ ቱቦና ባለሥዕል ወረቀት ነበሩ። ጎማው የሚያርፍበት ብረት ደረቅ ይሁን፣ ማስቲሽ ይቀባ ይላል ወረቀቱ። ተክለወልድ አንብቦታል፤ አልገባኝም የሚል ሰበብ እንኳ የለውም። ጎማው ገትሮ አልገባ ሲለው ማስቲሹን ሳጥኑ ውስጥ ወረወረና ራሱ ከግራፋይት ዱቄት ጋር ከሚያዋህደው ጥቁር ግራሶ በጣቱ ዛቅ አድርጎ ቀባው። ሸርተት ብሎ ገባ። ማጥበቂያ ቀለበቱን አሰረበት። «እነዚህ ፈረንጆች ማጣበቅ ይወዳሉ» ብሎ ዘይድን አሳቀው። ሸርተት ብሎ የገባው ሸርተት ብሎ ሊወጣ እንደሚችል፣ በዚህ ዕድሜው ማወቅ ነበረበት።

በሦስተኛው ዓርብ ጀልባዋ ከሙሻ ስትመለስ በኋላዋ በኩል ሰጠመች። አንድ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ደርሶ ሰዎቹን አወጣ። አበሩ የምትባል፣ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ የምትኖር የወሎ ልጅ ግን ቀረች። ተንሳፋፊ ሰደርያዋን ለአሠሪዎቿ ትንሽ ልጅ አልብሳው ነበር፤ ሁለቱንም ልጆች ከታች እየገፋች አቀብላ ራሷ ወረደች። አስከሬኗ በማግስቱ ተገኘ። ተክለወልድ ከቤተ ክርስቲያን ያውቃት ስለነበር ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ፤ ገና ምንም አልጠረጠረም።

ጥፋቱ የዘይድ ነው ተባለ። ጀልባ ከኋላዋ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላት፤ ነጂው ከመነሳቱ በፊት የቀዳዳውን መክደኛ፣ ታፖውን ማጥበቅ አለበት። ተጎትታ ስትወጣ ታፖው ቦታው ላይ አልነበረም። በግርግሩ መካከል ማን እንደፈታው ወይም ድሮውንም ክፍት እንደነበረ ከጎተቱት አንዱም አላስታወሰም። ዘይድ ታሰረ። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ተክለወልድን «እግሩን ፍታና ያየኸውን ንገረኝ፤ ቀትር ላይ እመጣለሁ» አለው።

ራስ ዲካ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ብቻውን ፈታው። ፕሮፔለሩ ደህና፣ የዘንጉ መጋጠሚያ ክሮቸራ ደህና፣ ኩሽኔታው ደህና ነው። ኩፊያው ግን ከብረቱ አንገት ላይ ወልቆ ተንጠልጥሏል። አልተቀደደም። ቀለበቱም እንደታሰረ አለ። የጎማውን ከንፈር ገልጦ ሲያየው ጥቁር ግራሶ አብረቀረቀበት፤ በዚያ ሰፈር ግራሶ ከግራፋይት ጋር የሚያዋህድ ሌላ ሰው የለም። መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ጨርቁን ናፍጣ ነከረና ብረቱንም ጎማውንም ፈትጎ ጠረገ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ስለፈራ ነው።

ለመርማሪው «ጎማው ወልቋል፤ ሲጎትቷት ገመዱ አውልቆት ይሆናል» አለው። መርማሪው ጻፈ።

በማግስቱ የዘይድ ሚስት ሳብሪን ከሃያብለ ሰፈር ድረስ አርሂባ መጣች። የድሬዳዋ ልጅ ናት። አልቀመጥም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዘይድ ታፖውን በእጄ ነው ያጠበቅኩት ይላል። በልጆቹ ይምላል። እግሩን የፈቱት እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ውሃ የሚገባበት አለ?»

ተክለወልድ ጫማዋን አየ። «የለም» አለ።

«እንግዲያው ረስቶ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እመንና ምሕረት ጠይቅ እለዋለሁ።»

ተክለወልድ በሦስተኛው ቀን መርማሪው ዘንድ ሄዶ፣ ሙሐዲንም እዚያው ተቀምጦ ሳለ፣ በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛው ሁሉንም ዘረገፈው።

«ግራሶው የታለ?» አለ መርማሪው።

«ጠርጌዋለሁ።»

ያልተከፈተችውን ማስቲሽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መርማሪው አገላብጦ አያትና መለሰለት። «ይቺ የትም ትሸጣለች። ነጂው እኮ ትናንት አምኖ ፈርሟል» አለው።

ሙሐዲን ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ አዝኖ ትከሻውን አቀፈው። «የዘይድ ልጆች አንጀትህን በልተውት ነው ጋሽ ተክሌ። ሠላሳ ዓመት ሥራህን የማላውቀው መስሎህ ነው? ሂድ፣ ዕረፍ» ብሎ እስከ በሩ ሸኘው። ሠላሳ ዓመት ያፈራው መልካም ስም እንዲህ አፉን ዘጋው።

ከዚያ ሃያብለ ሄዶ ለሳብሪን ነገራት፤ ያመነችው እሷ ብቻ ናት። ሰምታ ስትጨርስ አልጮኸችም። «ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ይነሱ፣ ለራሱ ይንገሩት» ብላ ወደ እስር ቤቱ ይዛው ሄደች።

ተክለወልድ በመንገዱ ሁሉ ለስድብ፣ ለምራቅ ራሱን ሲያዘጋጅ ነበር። ዘይድ ከብረቱ ወዲያ ከስቶ ቆሞ ሰማው።

«ቆይ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ዘግቼ ነበር ማለት ነው?»

«ዘግተህ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዘግተህ ነበር ዘይድ። የገባው በእኔ ጎማ ነው።»

ዘይድ ግንባሩን ብረቱ ላይ ደግፎ አለቀሰ። «ስጠየቅ፣ ስጠየቅ፣ እኔም ረስቼ ነው ብዬ አመንኩ። ልጅቷን የገደልኳት እኔ መስሎኝ ነው የፈረምኩት» አለ። ከዚያ እጁን በብረቱ መሃል አሾልኮ የሽማግሌውን እጅ ያዘና ሳመው።

«አላህ ያክብርህ ጋሼ» አለው። «አሁን እተኛለሁ።»