ሳል ያለበት ክላርኔት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ቀጣሪዬ ዘይነብ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገች። ዘይነብ መርሳ ላይ ለሰርግ ድንኳን፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ የምታከራይ ሴት ናት። እኔ ከወልድያ በሚኒባስ መጥቼ በሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ ብብቴ ሥር የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ይዣለሁ።

«ጋሽ ምትኩ፣ ባንዱስ?» አለችኝ።

«ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው።»

«ወላሂ አንቱ ሰውዬ፣ በጠዋቱ ቀምሰው ነው የመጡት?»

አልቀመስኩም። ሳጥኑ ሳምፕለር ይባላል። ማንኛውንም ድምፅ በማይክሮፎን ይቀዳል፤ ከዚያ ፊቱ ላይ ካሉት አሥራ ስድስት የላስቲክ ቁልፎች አንዱን በጣትህ ስትመታው ያንኑ ድምፅ መልሶ ይሰጥሃል። አንድ ድምፅ ቀድተህ ከፍና ዝቅ እያደረግህ በቁልፎቹ ላይ ብትደለድለው ትዝታም አምባሰልም ይወጣልሃል። ወልድያ ያለ አንድ ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ «መጫወቻ ይሁንዎት» ብሎ የሰጠኝ ነው።

መጫወቻ ያስፈልገኝ ነበር። በወጣትነቴ የአውራጃው ኪነት ቡድን ትራምፔት ነፊ ነበርኩ፤ ማዕረጌ ሁለተኛ ትራምፔት። አንደኛ የሚባል ሰው ስላልነበረ ለምን ሁለተኛ እንዳደረጉኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ የፊት ጥርሶቼ ሄዱ። ጠላት መትቶኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የሰበራቸው ግን ቆሎ ነው። ጥርስ የሌለው ሰው ትራምፔት ሲነፋ ቆሞ ያዳመጠኝ የቤቴ ድመት ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ አልቆየም።

ስለዚህ የቡድኑን አሮጌ መሣሪያዎች ወደ ሳጥኑ ላስገባ ተነሣሁ። ቡድኑ ይለማመድበት በነበረው አዳራሽ ዕቃ ቤት ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተከምረው ነበር። ከበሮውን ራሴ መታሁት። ለክላርኔቱ ጓደኛዬን ሰይድን ጠራሁት።

ሰይድ ክላርኔት ሲነፋ ሰው ሆዱ ይባባል። ነገር ግን ከመንፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ያስላል። ሳያስል ነፍቶ አያውቅም። የቡድናችን አለቃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ አይቆጥርም ነበር፤ የሰይድን ሳል ጠብቆ እጁን ያነሣል።

እኔ የመቅጃውን ቁልፍ ቀድሜ ነክቼው ኖሮ ሳሉም አብሮ ገባ። «እህ!» ይልና ከዚያ ያ የሚያምር ድምፅ ይከተላል። ድምፁን ስደለድለው ሳሉም አብሮ ተደለደለ። ከፍ ያለው ቁልፍ ላይ እንደ ድመት ግልገል ያስላል፤ ዝቅ ያለው ላይ እንደ በሬ።

በመጀመሪያው ሰርግ ጎረምሶቹ ሳሉን እየጠበቁ ትከሻቸውን መምታት ጀመሩ። በሦስተኛው እናቶችም አብረው «እህ!» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የሐብሩ ወረዳ ሰው ዘይነብ ዘንድ መጥቶ የሚያዝዘው «ያንን የሚያስለውን ባንድ» ብሎ ሆነ።

ሰይድ አንድ ቀን መርሳ ገበያ ወጣ። ያየው ሁሉ አሳለበት። ከዚያው በቀጥታ ወልድያ ቤቴ መጣ።

«አንተ ምትኩ! ሠላሳ ዓመት ክላርኔት ነፍቼ፣ ሰው በሳል ይወቀኝ?»

«ዋናው መታወቁ ነው።»

«ቁረጠው!»

«አይቆረጥም። ከድምፁ ጋር ተጣብቋል።»

ዋሸሁ። ሳጥኑ የድምፅን መጀመሪያና መጨረሻ የሚቆርጥበት ቁልፍ አለው። ግን ገበያተኛ የሚያመጣልኝ ሳሉ ነበር።

«እንግዲያው አንተዋወቅም» ብሎ ወጣ። ሲበርድለት ይመጣል ብዬ ተቀመጥኩ። ከእሱ በፊት ጦርነቱ መጣ።

መብራት የለ፣ ስልክ የለ። ሳጥኑን ባዶ ቀፎ ውስጥ ደበቅሁት፤ ንብ ፈርቶ የሚነካው የለም ብዬ። ጣቴ እንዳይረሳ ቀፎው ሥር ተቀምጬ ጉልበቴን ስደበድብ ጎረቤቶቼ አይተው «ጋሽ ምትኩ ለየለት» አሉ። ሰይድ ከቤተሰቡ ጋር ወጥቷል ተባለ፤ የት እንደገባ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ስጠይቅ አንዳንዱ «ደሴ» ይላል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ነበር። በውሸቴ እንደተቀያየምን ቢቀርስ? ይህን እያሰብኩ እህል አልወርድልኝ አለ፤ እህሉም ለነገሩ ብዙ አልነበረም።

መንገድ ሲከፈት አዳራሹ ሄድኩ። የዕቃ ቤቱ በር ተገንጥሏል። የክላርኔቱን የላይኛውን ግማሽ አንዲት ጎረቤት ዘንድ አገኘሁት፤ ከሰል እፍ ትልበታለች። የታችኛው ግማሽ እስከ ዛሬ የለም።

ዘይነብ ላከችብኝ። ድንኳኖቿ ያን ሁሉ ወር ለለቅሶ ነበር የቆሙት። «አንድ ሰርግ ተገኝቷል፣ ይድረሱልኝ» አለች። ሳጥኑን ከቀፎው አውጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ አጠገብ ኬላ ላይ አስወረዱን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ ፈታሹ ሚሊሻ።

«ባንድ ነው።»

«አባቴ፣ ቀልዱን ይተዉት። የመገናኛ ሬዲዮ ነው አይደል?»

መብራት አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ሽቦ አለው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አስር ነበር። በባትሪ የሚሠራውን ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሰካሁና ዝቅተኛውን ቁልፍ መታሁ። «እህ!» አለ በሬው።

ሚሊሻው ወደ ኋላው ዞረ። «ማነው ያሳለው? ዝም በሉ!»

ደግሜ መታሁት።

«ዝም በሉ እኮ ነው የምላችሁ!»

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሽንኩርት የጫነች አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። «ይሄማ የሰይድ ሳል ነው! ሐራ እኅቱ ቤት አይደል እንዴ ያለው? ትናንት በአጥሩ ሳልፍ ሲያስል ሰምቼዋለሁ።»

ሐራ! በሐሳቤ ደሴ ድረስ እየተከተልኩ ያለቀስኩለት ሰው በእግሬ ልደርስበት የምችለው ቦታ ተቀምጦ ነበር። የሴትዮዋን እጅ ሳምኩ። ሚሊሻው «በሉ ይሂዱ፤ ግን አንዴ ልምታው» አለኝ። አምስት ጊዜ መታው።

ሰርጉን ጨርሼ በማግስቱ ሐራ ሄድኩ። ሰይድ ከስቷል። ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ፊቴን አየኝ።

«ሳሌን ቆረጥከው?»

«አልቆረጥኩትም። ይቆረጥ ነበር፤ ዋሽቼህ ነው።»

እጁን ከትከሻዬ አወረደ። ከኬላው ይልቅ ይህኛው አስፈራኝ።

«እንግዲያው አሁን፣ እያየሁህ ቁረጠው።»

ይቅር እንዲለኝ ቸኩዬ ቆረጥኩት። ሳጥኑ አሮጌውን ከማጥፋቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። በዕድሜዬ እርግጠኛ የሆንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ተጫንኩት። ከዚያ ቁልፉን መታሁ። ሳል የለም። የወጣው ግን የአይሱዙ ጥሩምባ ነው። ክላርኔቱ የሚነሣበት ትንፋሽ ከሳሉ ጫፍ ጋር ተያይዞ ኖሮ አብሮ ተቆርጧል።

ሰይድ ጆሮውን አስጠጋ። «ይሄ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«እኔ አይደለሁም። መልሰው።»

«አይመለስም።»

«ደግሞ ዋሸህ!»

«አሁንስ ወላሂ!» አልኩ፣ እኔ ክርስቲያኑ። ያኔ አመነኝ።

«በል ክላርኔቱን አምጣው፣ እንደገና እነፋልሃለሁ።»

የከሰሉን ነገር ነገርኩት። «ከሰል?» አለ። ከዚያ ሳቅ አፈነው፤ ሳቁም በሳል አለቀ። ልቅዳው ብዬ ወደ ሳጥኑ ስዘል እጄን መታኝ።

ዘይነብ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ሰዉ የሚያዝዘው ሳሉን ነው እኮ፣ ጋሽ ምትኩ!» አለችና ለሰይድ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ወንበር ሰጠችው። አሁን በየሰርጉ እኔ ያንን ጥሩምባ የሚያወጣውን ቁልፍ ከመምታቴ በፊት እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ያስላል። በራስ ፈቃድ ሲሆን አያሳፍርም ይላል። አንዳንዴ ሆን ብሎ ይዘገይና እኔ በሕዝብ ፊት ጣቴን አንሥቼ እጠብቀዋለሁ። ይገባኛል።

በዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። የሰው ድምፅ ስትቀዱ አስፈቅዱ። ድምፅ ከመቁረጣችሁ በፊት ሌላ ሜሞሪ ካርድ ላይ ቅጂ አስቀምጡ።