የሉዋም ግራ ጆሮ

ሉዋም ገብረእዝጊ ኢምፔሪያል አካባቢ ባለች አንዲት የሴቶች ጸጉር ቤት ሹሩባ ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፤ በማበጠሪያዋ ጫፍ የምታወጣው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በተለይ አልባሶ ስትሠራ ማየት ደስ ይላል። አንድ ወፍራም ጉንጉን፣ አጠገቡ ቀጫጭን፣ ከዚያ እንደገና ወፍራም፤ ሁሉም ከግንባር ተነስተው ወደ ኋላ ይወርዳሉ። በትግራይ ቤተሰቦች ሰርግ ላይ ሙሽራዋም እህቶቿም የሚያጌጡት በዚህ ነውና ከፋሲካ በኋላ የሉዋም ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የሚገርመው ሉዋም ራሷ ሹሩባ ተሠርታ አታውቅም ነበር። ጸጉሯ ሁልጊዜ የተለቀቀ ነው፤ በግራም በቀኝም እስከ ጉንጯ ይሸፍናታል።

«አንቺ ለምን አትሠሪም?» ይሏታል ደንበኞቿ።

«ማን ይሥራኝ?»

አጠገቧ የምትሠራው ጓደኛዋ ቲጂ ይህን ሰምታ ዝም አትልም። «እኔ ምን ሆኜ ነው? እጄን ንቀሽ ነው?»

ምክንያቱ ግን የቲጂ እጅ ሳይሆን የሉዋም ጆሮ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ጆሮ ጥቂት ልንገራችሁ፤ በጣም ደስ የሚል ነገር አለው። ጣታችሁን የጆሯችሁ የላይኛው ጠርዝ ላይ አሳርፉና ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ አንሸራቱት። ጠርዙን እንዳለፋችሁ ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ቀጥሎ ከፍ ያለ እጥፋት አለ። አገኛችሁት? ጆሮን ወደ ጭንቅላት ጠጋ አድርጎ የሚይዘው በአብዛኛው ያ እጥፋት ነው። አንዳንድ ሰው ሲወለድ እጥፋቱ አይኖረውም፣ ወይም በጣም ስስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጆሮው እንደ በር ወደ ውጭ ይከፈታል። መስማትን አያውክም፣ አያምም። የሉዋም ሁለቱም ጆሮዎች እንዲህ ነበሩ።

የትምህርት ቤት ልጆች ግን ስለ እጥፋት ምን ገዷቸው! ስሟን «ዲሽ» አሉት። ዝናብ በጣለ ቁጥር «ሉዋም፣ ስርጭቱ ተቋረጠ እንዴ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። ሉዋምም አብራ ትስቅና ማታ ጸጉሯን እንዴት አድርጋ እንደምታወርደው መስታወት ፊት ትለማመዳለች። ልምዱ ከእሷ ጋር አደገ። የምረቃ ፎቶ፣ የልደት ፎቶ፣ የዘመድ ሰርግ ፎቶ፤ ሁሉም ላይ ጸጉሯ እንደ ወረደ ነው።

ታናሽ እህቷ ዊንታ ስትታጭ ነገሩ መጣ።

«አልባሶ አብረን ነው የምንሠራው» አለች ዊንታ። ሁለቱ ከእናታቸው ጋር ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። «ያለችኝ እህት አንቺ ብቻ ነሽ። ሙሽራ ብቻዋን ተሠርታ እህቷ ጸጉሯን ለቃ ስትቆም ሰው ተጣልተው ነው ይላል።»

ሉዋም «እሺ» አለች። ሰርጉ ግንቦት ላይ ነበር። ለዓመታት ስታስበው የኖረችውን ነገር የካቲት ላይ አደረገችው፤ ጉርድ ሾላ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄዳ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ተሠራላት።

ሥራው ራሱ የልብስ ስፌትን ያስታውሳል። ሐኪሙ፣ ዶክተር ኢያሱ ይባላል፣ ቦታውን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ቆዳውን ከፈተ። የጆሮን ቅርጽ የሚሰጠውን ለስላሳ አጥንት ወደ ኋላ አጠፈውና እጥፋቱ እንዳይመለስ ከውስጥ በክር ሰፋው። ከዚያ ቆዳውን ዘጋ፣ በፋሻ ጠቀለለ። ሉዋም ስትወጣ ልክ እንደ ቄስ ጥምጥም የጠመጠመች ትመስል ነበር። ቲጂ ልትወስዳት መጥታ ገና ከበሩ «አባ፣ ይባርኩኝ» አለቻት።

ፋሻው በተነሳ ዕለት ግን ሳቅ አልነበረም። ሁለቱም ጆሮዎች ቀልተው አብጠዋል፤ ዳር ዳራቸው ሲነካ የሌላ ሰው ጆሮ ይመስል ይደነዝዛል። ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯት ስለነበር አልደነገጠችም። ያስደነገጣት ግራው ነው። ቀኙ በደንብ ጠጋ ብሏል። ግራው ወፍሯል፣ የላይኛው ጠርዙም ወደ ውጭ ያዘነበለ መሰላት። በስልኳ ከፊት ራሷን ፎቶ አነሳች፣ ከኋላ ቲጂ እንድታነሳት አደረገች፣ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አደረገች። ባየች ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ።

«ቀድሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ» አለቻት። «አሁን አንዱ ዲሽ፣ አንዱ ጆሮ ሆነ። በዚህ ነው አልባሶ የምሠራው?»

ቀጥሎ ያደረገችውን ሹሩባ ሠሪ ካልሆነ ማንም አያደርገውም። አዲስ ሹሩባ ተሠርታ የምትሄድ ደንበኛን ሉዋም እንዲህ ሳትል አትሸኛትም፦ «ማታ ሻሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪበት፤ ጠዋት ተኝቶልሽ ታገኚዋለሽ።» እውነትም ይተኛል። የቆመው ጸጉር ሁሉ ተጭኖ ያድራል፤ ጠዋት ሹሩባው ልስልስ ይላል። ታዲያ ለጸጉር የሠራ ለጆሮ ለምን አይሠራም? ክሊኒኩ ለማታ የሰጣት ማሰሪያ ሰፊና ለስላሳ ነበር፤ ለእሷ ግን በጣም የላላ መሰላት። በላዩ ሻሽ ደረበች። ግራ ጆሮዋ ላይ ካልሲ አጥፋ አስገባችና ሻሹን ባላት ጉልበት ሁሉ ቋጠረችው።

ጠዋት ስትፈታው ጆሮዋ ጭንቅላቷ ላይ ልጥፍ ብሎ አገኘችው። ደስ አላት። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ከትናንቱ የበለጠ አብጦ ነበር። ይህን ስታይ «በቂ አልጠበቀም ማለት ነው» ብላ ማታውን የባሰ አጠበቀችው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ፤ በጠበቀ ቁጥር ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር ታጠብቀዋለች። በመጨረሻ ቲጂ ክንዷን ይዛ ጉርድ ሾላ ወሰደቻት።

ዶክተር ኢያሱ ጆሮውን በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ መረመረ። «ማታ እንዴት ነው የምትተኚው?»

«በጀርባዬ። እንዳሉኝ።»

«ማሰሪያውስ?»

«አደርጋለሁ።»

ቲጂ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ንገሪያቸው እንጂ።»

«ምኑን?»

«ሻሹን። ካልሲውን።»

ዶክተሩ ቀና አለ። «የምን ካልሲ?»

ሉዋም አንገቷን ደፍታ ነገረችው። ዶክተሩ አልተቆጣትም፤ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ያንቺ ሥራ ለጸጉር ልክ ነው» አላት። «ጸጉር ብታስሪው ዝም ይልሻል፤ ደም የለውም። ጆሮ ግን ሕይወት አለው፤ ስትጫኚው ይቆጣል። ደግሞ ጆሮሽን የያዘው ማሰሪያው አይደለም፤ ውስጥ ያለው ክር ነው። ማሰሪያውን የሰጠሁሽ ስትገላበጪ ትራሱ ጆሮሽን ወደ ፊት እንዳያጥፈው ብቻ ነው። ለዚህ ላላ ያለው ይበቃል።»

«ታዲያ ለምን ግራው ብቻ አበጠ?»

«መጀመሪያም አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው። ሁለት ቁስል እኩል አይድንም። በዚያ ላይ አንቺ በየማታው ስትጨምቂው ከረምሽ።» እንደገና መረመረው። «ዕድለኛ ነሽ፣ ክሩ አልተነካም፣ ከቆዳው ሥርም ፈሳሽ አልቋጠረም። ከዚህ በኋላ ግን በአንድ በኩል ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካየሽ፣ ያኔውኑ ትደውያለሽ። ራስሽን ማከም የለም።»

«እኩል ይሆናሉ?» አለች ሉዋም። የመጣችው ለዚህ ነበር።

ዶክተሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያነሳትን ፎቶ በኮምፒውተሩ አሳያት። ዕድሜዋን ሙሉ ከመስታወት የደበቀቻቸው ጆሮዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሸማቀቅ ስታያቸው ያን ጊዜም ግራው ከቀኙ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ትንሽም ሰፋ ያለ ነበር።

«በጣም ይቀራረባሉ» አላት። «እኩል ይሆናሉ ግን አልልሽም፤ የማንም ሰው እኩል አይደለም። እብጠቱ አብዛኛው እስከ ግንቦት ይሄዳል፤ የመጨረሻውን ቅርጽ ለማየት ግን ወራት መጠበቅ አለብሽ። አልባሶውን መሠራት ትችያለሽ። ከጆሮሽ ጀርባ ያለውን ብቻ ላላ አድርገው ይጎንጉኑልሽ፤ ጠባሳው ገና ነው።»

ሉዋም ሻሹን ተወች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በጣም ደስ ይለኛል፤ ዶክተሩ የነገራት እውነት መሆኑን ማጣራት ጀመረች። ጆሮ ደግሞ ለሹሩባ ሠሪ እንደ ልብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጇ ሥር ያልፋል። ከዚህ በፊት ጆሮን የምታውቀው ማበጠሪያው እንዳይነካው ስትጠነቀቅ ብቻ ነበር፤ አሁን አየችው። የአንዷ ግራ ጆሮ ከቀኙ ዝቅ ይላል። የሌላዋ አንዱ ሾጠጥ፣ አንዱ ክብ ነው። በጣም ቆንጆ ናት የምትላት ደንበኛዋ ጆሮዎች ጭራሽ አይተዋወቁም።

«ምን እያየሽ ነው?» አለቻት ያቺው ቆንጆ።

«መስመሩን» አለች ሉዋም።

የግራው እብጠት በቀን በቀን ሳይሆን ሳታስበው ሄደ። መደንዘዙም ከታች ጀምሮ ለቀቀ፤ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ የመስኮቱ ንፋስ ጆሮዋን ሲያቀዘቅዘው ተሰማትና ብቻዋን ፈገግ አለች። ግንቦት ሲገባ ግራው ከቀኙ የማበጠሪያ ጥርስ ያህል ወጣ ብሎ ቀረ። ምናልባት ይጠጋል፣ ምናልባት እንደዚያው ይቆያል።

የሰርጉ ዋዜማ ቤቱ በዘመድ ተሞላ። ሉዋም ዊንታን ሠርታ ጨረሰች፤ ሙሽራዋ በአልባሶው አምሮባት ነበር። ወንበሩ ተለቀቀ። ቲጂ ማበጠሪያዋን ይዛ ቆማለች።

ሉዋም ተቀመጠች። «በግራ በኩል ጥቂት ጸጉር ብትለቂልኝስ?» አለች በሹክሹክታ። «ጆሮዬ ላይ እንዲወርድ።»

ዊንታ ከመስታወቱ ዞር ብላ «እንደፈለግሽ አድርጊ» አለቻት። «ጸጉርሽን ለቀሽም ብትቆሚ እህቴ ነሽ። ሰው ያለውን ይበል።»

ሉዋም መስታወቱን አየች፤ ጸጉሯን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ኋላ ያዘችው፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወጡ። ግራው አሁንም ያችን ታህል ወጣ ብሏል። ከዚያ ጸጉሯን ለቀቀችው።

«ሁሉንም ውሰጂው» አለች። «ከጀርባው ብቻ ላላ።»

ቲጂ ግንባሯ ላይ የመጀመሪያውን መስመር አወጣች። ግማሽ ያህል እንደደረሰች ጎረቤታቸው እትዬ አሰፋሽ ሰፌድ ሊዋሱ ገቡና በሩ ላይ ቆመው ሉዋምን ትኩር ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ዛሬ የሆነ ነገር ተለውጠሻል።»

የሉዋም እጅ ወደ ግራ ጆሮዋ ሄደ።

እትዬ አሰፋሽ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ዘንበል አድርገው መረመሯት። «ወፍረሻል!» አሉ በመጨረሻ። «አዎ፣ ወፍረሻል። ተስማምቶሻል።»

ዊንታ ቀድማ በሳቅ ፈነዳች። ሉዋም እንባዋ እስኪፈስ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ኧረ አትንቀጥቀጪ!» ጮኸች ቲጂ። «መስመሬን አጣመምሽው!» ጉንጉኑን ፈትታ ከመጀመሪያው ጀመረች።